የማናለብኝ ጅራት

ሽማግሌ የሆንኩት አርባን ገና እንዳለፍኩ ነው። ጸጉሬ ከፊት ለፊት መሸሹን አልክድም፤ ግን ራሰ በራነት ሽምግልና አይደለም። ያለ ዕድሜዬ ያሸመገለችኝ ሰርካዲስ ናት። አንድ ቀን ከሺፍት ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

"ሲሞን፣ ሱፍ አለህ አይደል?" አለችኝ።

"አለኝ፤ ምነው እትዬ?"

"እንግሊዝኛም ትችላለህ። በቃ፣ እሁድ ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ።"

ደነገጥኩ። ሰርካዲስ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ በዚህ ዕድሜዋ ትዳር አሰበች ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ሽማግሌ የሚልከው ወንድ እንጂ ሴት አለመሆኑ ትዝ አለኝ። ማን ዘንድ ነው የምሄደው ብላት፣ "ጎረቤቴ ዘንድ። ውሻዬን እንዳይገድልብኝ ለምኑልኝ" አለችኝ። ለውሻ ሽማግሌ! አባቴ ይህን ቢሰማ ሱፌን ያስወልቀኝ ነበር።

ሰርካዲስን ለማታውቋት ትንሽ ልንገራችሁ። እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ኦቤትስ ካሉት ዌርሃውሶች ባንዱ አብረን እንሠራለን፤ እሷ ፓኪንግ ላይ ናት፣ እኔ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በዓይኗ ካላየች ምንም ነገር የማይዋጥላት ሴት ናት። የታሸገ ካርቶን አቀብለዋት "ሙሉ ነው" ካሏት ትከፍተዋለች። ሱፐርቫይዘሩ እየጮኸባት ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታሽገዋለች። አንድ ጊዜ የሥራ ጓደኞቻችን ለእራት ሾርት ኖርዝ ሰፈር ምግብ ቤት ወስደውን፣ አስተናጋጁ ዓሣው ዛሬ የመጣ ነው ቢላት "እስቲ ልየው" ብላ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። እኛ በሐፍረት ጠረጴዛው ሥር ልንገባ ምንም አልቀረን። ስትመለስ ሼፉ ራሱ እጇን ይዞ እየሳቀ ነው የሸኛት። ዓሣውን ግን አላዘዘችም።

ውሻውን ያገኘችው ዌርሃውሱ ጀርባ ካለው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ነው፤ ያኔ ከጫማ የማይበልጥ ቡችላ ነበር። በዚያ ጊዜ የምትኖረው ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ ሲሆን የኪራይ ውሉ ውሻ አይፈቅድም። ሌላ ሰው ቢሆን ውሻውን ለሰው ይሰጥ ነበር፤ እሷ አፓርትመንቱን ለቀቀች። ከኦቤትስ ወጣ ብሎ የበቆሎ እርሻ ዳር ያለች አሮጌ ቤት ተከራየችና ቡችላውን ማናለብኝ ብላ ሰየመችው። መቼም አገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያ ነው፤ በአፍ የማይነገረውን ውሻ እየጠሩ ይናገሩታል። "መልእክቱ ለማን ነው?" ብላት "ለአፓርትመንቱ ማኔጀር" አለችኝ። ማኔጀሩ አማርኛ እንደማይሰማ ብነግራት ግድ አልሰጣትም።

እውነቱን ለመናገር ውሻውን አልወደውም። በሄድኩ ቁጥር ጫማዬን ይደብቅብኛል፤ ደግሞ ሲያየኝ የሚያሾፍብኝ ይመስለኛል። ከሁሉ የከፋው መልኩ ነው። ቁርጥ ካዮቲ! ካዮቲ በዚህ አገር እርሻ ለእርሻ የሚዞር፣ ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ አውሬ ነው። ማናለብኝም እንደዚያው ግራጫ፣ እግረ ረጅም፣ ጆሮ ቀጥ ነው። የሚለየው በጅራቱ ብቻ ነው። ካዮቲ ሲሮጥ ጅራቱን ቁልቁል ይጥላል፤ ማናለብኝ ግን ጅራቱን ጀርባው ላይ ጠቅልሎ እንደ ተሾመ ሰው ነው የሚሄደው።

ጣጣው የመጣው በዚህ መልኩ ነው። ጎረቤቷ ሚስተር ግሌን ዶሮ የሚያረባ፣ ሲመሽ ደግሞ ካዮቲ የሚያድን ሽማግሌ ገበሬ ነው። አንድ ጠዋት የፖስታ ሳጥኑ ጋ አገኛትና ቆቡን አውልቆ፣ "እመቤቴ፣ ትናንት ማታ ውሻሽን ልገድለው ነበር፤ ለትንሽ ነው የተረፈው" አላት። አንድ አውሬ ዶሮዎቹን እየፈጀበት ነው። በጠመንጃው መነጽር አይቶ፣ አነጣጥሮ፣ ምላጩን ሊስብ ሲል አውሬው ጮኸ። ጩኸቱ የውሻ ሆነ። "በሚቀጥለው ጊዜ ባይጮህስ?" አላት።

"እሰሪው!" አልኳት ይህን ስትነግረኝ።

"ማናለብኝን? አንድ ሌሊት አስሬው ሲያላዝን አድሮ እኔም አብሬው ሳላዝን አደርኩ። መታሰር ይገድለዋል።"

"ዶሮውን የሚበላው እሱ ቢሆንስ?"

"ማናለብኝ ዶሮ አይነካም! ከእጄ ካልሆነ አይበላም!" ብላ ተቆጣች። የታሸገ ካርቶን የማታምን ሴት ይህን አንዱን ነገር ሳታይ ታምናለች። እኔም ክርክሩን ተውኩት፤ ያ ውሻ ቢሞት የምትገባበት ቤት ባዶ መሆኑን አውቃለሁ።

እሁድ ሦስት ሽማግሎች ልንሆን ነበር፤ የሥራ ጓደኛችንን ጎሳዬን ኦቨርታይም ጠሩትና ሁለት ቀረን። ሌላው ጋሼ ሀይሉ ናቸው። ጋሼ ሀይሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራክ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በአማርኛ ቸርቻቸው የተከበሩ፣ ከዘራ የያዙ እውነተኛ ሽማግሌ ናቸው። ሰርካዲስ መኪና ውስጥ ቀረች፤ ባለጉዳይ ሽማግሌ መሃል አይገባም።

ሚስተር ግሌን በሩን ከፍቶ ሁለት ሱፍ የለበሱ ጥቁር ሰዎች ሲያይ፣ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለነው፣ አፋችንን ሳንከፍት "እኔ ቸርች አለኝ፤ አመሰግናለሁ" አለና ሊዘጋው ነበር። ጋሼ ሀይሉ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ተመስገን፣ አማኝ ነው" አሉኝ።

የመጣነው ስለ ውሻው መሆኑን ነግሬው አስገባን። ወንበር ሰጠን። ጋሼ ሀይሉ በከዘራቸው ወደ ኋላ ገፉት።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በለው።"

አልኩት። ግሌን ጋሼ ሀይሉን ከላይ እስከ ታች አያቸውና፣ የሰማው ስላልገባው፣ ወገባቸውን አሟቸው መስሎት ከኩሽና ከፍ ያለ ዱካ አመጣላቸው። እሱንም ገፉት። ሌላ ትራስ ያለው አመጣ። የሰውየው ሳሎን በወንበር ሊሞላ ሆነ፣ እኛ ግን ቆመናል፣ እሱም እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጥ ነውር ስለመሰለው ቆሟል። እንግዲህ ሽማግሌ የሚቆመው ልመናው ከባድ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ይህን ግን ለኦሃዮ ገበሬ በምን እንግሊዝኛ ላስረዳው?

ጋሼ ሀይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል፣ እግዚአብሔር እንስሳትን በየወገናቸው እንደፈጠረ፣ ሴትዮዋ ብቸኛ መሆኗን፣ ውሻውም ለእሷ ልጅም ወንድምም መሆኑን አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ውሻውን አትግደለው እያሉ ነው" አልኩት።

"ያን ሁሉ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው?" አለ ግሌን።

"ባጭሩ።"

ግሌን ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ውሻ ገዳይ መሆን እንደማይፈልግ፣ ችግሩ ዓይኑ ሳይሆን መነጽሩ መሆኑን ነገረንና ከጓዳ አወጣው። ተራ መነጽር አይደለም፤ ቴርማል የሚሉት፣ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት የሚያይ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ቢሆንም ደም ያለው ነገር ሁሉ በውስጡ ያበራል። በመስኮት ወደ ግቢው እንዳይ ሰጠኝ፤ መስተዋቱን ግን መክፈት ነበረበት፣ ሙቀቱ በመስተዋት አያልፍምና። አየሁ። ሜዳው ላይ አንድ ነጭ ሶፋ ተቀምጧል።

"ሶፋ ውጭ ታስቀምጣላችሁ እንዴ?"

"ላሜ ናት" አለኝ።

ጋሼ ሀይሉም አይተው ሶፋ መሆኑን መሰከሩ። "አሁን ገባችሁ?" አለ ግሌን። "ትኩስ ነገር መኖሩን ይነግረኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ቅዳሜ ሌላ ልገዛ ነው። ሁለት ማይል ድረስ የሚያይ አግኝቻለሁ።"

ይህን ሲል በሩ ተንኳኳ። ሰርካዲስ መኪና ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም፤ ክፍቱ መስኮት ሥር ቆማ ስትሰማ ቆይታለች።

"ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ" አለችው በእንግሊዝኛ። "የውሻዬን ነፍስ የሚጠብቀውን መነጽር እኔ ካላየሁት አይገዛም።"

ግሌን እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ ግሌን "እሺ" አለ። ይህን የሰሙ ጋሼ ሀይሉ ትራስ ያለውን ወንበር መርጠው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከግሌንና ከጋሼ ሀይሉ ጋር መሣሪያ ሱቁ ስንደርስ ሰርካዲስ ማናለብኝን ይዛው ቆማለች። "ጫማ ሲገዛ እግር ይቀራል እንዴ?" አለችኝ። ሰማዩ ደመና ነው፣ ካፊያም ነበር። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደው ሻጭ ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው አለን፤ ፀሐይ ሲኖር ድንጋዩም ግንዱም ስለሚሞቅ ከእንስሳው ጋር ይምታታል፣ ካፊያና ጭጋግ ደግሞ ደካማውን መነጽር ያጋልጠዋል።

ግሌን የተመኘው ባለሁለት ማይሉ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ረጅም ነው፣ ያምራል። ጋሼ ሀይሉ በእጃቸው መዘኑት። "ከባድ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው" ብለው ፈረዱ። ሻጩ ጠመንጃ ላይ ለሚታሰር ነገር ክብደት ጉዳት መሆኑን ቢያስረዳቸውም አላመኑትም። "ቀላል ዕቃ መቼ በርክቶ ያውቃል?" አሉኝ በጎን።

ሰርካዲስ ሻጩን "ጅራት ያሳያል?" አለችው።

"ሁለት ማይል ያያል፣ እመቤቴ።"

"ጅራት ያሳያል ወይ ነው ያልኩህ።"

ሻጩ ጢሙን አከከ። ቅን ሰው ነበርና እውነቱን ነገራት። ሁለት ማይል ያያል ማለት በሁለት ማይል ላይ አንድ ትኩስ ነገር መኖሩን ያውቃል ማለት ነው። ሚዳቋ ይሁን ጥጃ ይሁን ሰው ይሁን ለማወቅ በጣም መቅረብ አለበት። ምስሉ የሚሠራው በነጥቦች ነው፤ የዚህኛው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። ቢያጎሉት ነጥቦቹ ይተልቃሉ እንጂ አዲስ ነገር አያሳዩም። ከጎኑ ያለው አጭሩ ግን ሩቅ ማጉላቱ ያንሳል፣ ነጥቦቹ ግን እጅግ ብዙ ናቸው።

"ይፈተኑ" አለች ሰርካዲስ። "ሲሞን፣ ማናለብኝን ይዘህ ሜዳው ጫፍ ሂድ።"

"እኔ? እትዬ፣ ውሻ እንደምፈራ እያወቅሽ?"

"እሱ አይፈራህም፤ ሂድ።"

ሱቁ ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ። ውሻው ጎተተኝ፣ እኔ ተጎተትኩ፤ ጫፍ ስደርስ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኗል። ስልኬ ጠራ። ሰርካዲስ ናት።

"በባለሁለት ማይሉ እያየንህ ነው። አሁን ጎንበስ በል።"

ጎነበስኩ።

"እንደሱ አይደለም። በእጅህም በእግርህም ሁን። ከውሻው ጋር ላስተያይህ ነው።"

እግዜር ያሳያችሁ! የሁለት ልጆች አባት፣ የፎርክሊፍት ላይሰንስ ያለኝ ሰው፣ በኮሎምበስ ሜዳ ላይ በዳዴ ሄድኩ። ማናለብኝ ነገሩ በጣም ስላስደሰተው ዙሪያዬን እየዞረ ፊቴን ላሰኝ። በስልኩ ውስጥ ጋሼ ሀይሉ ከሳቅ ብዛት ሲያስሉ ይሰማኛል።

"ሁለት ውሻ ነው የምናየው" አለች ሰርካዲስ። "ግሌንም ሁለት ውሻ ነው ያለው። ትልቁ ውሻ ማን እንደሆነ አላወቀም። ቆይ፣ ሌላኛውን እንይ።"

ቆየሁ። ካፊያው አንገቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ "ውይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ሲሞን! ራስህ እንደ አምፖል ይበራል! ኮፍያ አድርግ፣ ያምሃል! የማናለብኝ ጅራት ይኸው፣ ጀርባው ላይ፣ ቀለበት መስሎ! ጆሮውም ይኸው! ግሌን፣ ና እይ፣ ና እይ!"

ስመለስ ክርክሩ ተጧጡፏል። ግሌን ልቡ ከባለሁለት ማይሉ ጋር ነው፤ ወንድ ልጅ ሩቅ የሚያይ ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰርካዲስ ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

"ዶሮዎችህ ሁለት ማይል ርቀው ነው እንዴ የሚያድሩት?"

"አይ፤ ቤቱ ጀርባ ነው።"

"ታዲያ ሩቅ ያለውን የማን ዶሮ ልትጠብቅበት ነው?"

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ሰርካዲስ ግን ነገር ጀምራ አትተውም። ቀለሙን አስቀያየረችው። ሻጩ ትኩሱን በቀይ የሚያሳየውን ቢያሞግስላት፣ "ቆዳው የተገፈፈ አስመሰለው" ብላ ጣለችው፤ ትኩሱን በጥቁር የሚያሳየው እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ጥርት ስላለላት እሱን አጸደቀች። ግሌንን የእጅ ጓንት አስጠልቃ ቁልፎቹን አስነካካችው፤ በብርድ ጊዜ ጓንት እያወለቀ ሊፈልግ ነው? የዓይን መነጽር ስለሚያደርግም ዓይኑ ላይ የሚያርፈውን ጎማ ለካችለት። ራሷም ማብሪያውን፣ ማጥሪያውን፣ የባትሪ ምልክቱን ሳይቀር ተማረች። ሻጩ ሥራ ትፈልጊ እንደሆነ ንገሪኝ አላት።

ግሌን አጭሩን ገዛ። ፓርኪንጉ ውስጥ ጋሼ ሀይሉ ካርቶኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት፤ ግሌን ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ቆቡን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ቅዝቃዜው ገባ፣ በቆሎው ታጨደ፣ ሰርካዲስ ሥራ ላይ እየዘፈነች ታሽጋለች። ግሌን ካዮቲ መትቶ እንደሆነ ስጠይቃት "እሱን እንጃ፤ ማናለብኝ ግን ጠዋት ጠዋት ደኅና ነው" ትለኛለች። እንዲያውም ወፍሯል።

አንድ ቀን ግሌን እራት ጠራን። ቀኑ አጥሯል፤ ከሺፍት ወጥተን እሱ ቤት ስንደርስ ጨልሟል። ሰርካዲስ ድፎ ዳቦ ይዛለች። እራት እስኪቀርብ ግሌን ከኋላ በረንዳ ላይ መነጽሩን በሦስት እግር አቁሞ አስጎበኘን። ጠመንጃው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አጥሩ ሥር ሁለት ሚዳቋ ቆመዋል፤ የጆሯቸውን ጫፍ ሳይቀር ለየሁት። ምሰሶው ላይ ጉጉት አለ። ላሟም ላም ሆናለች፣ ቀንዷ ሥር ያለው ጠጉር እንኳ ይቆጠራል ማለት ይቻላል። ሰርካዲስ እንደ ልጅ ፈነጠዘች። "ይኸው! አላልኳችሁም?" ትላለች።

ድንገት ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ግሌን ፈጥኖ ዓይኑን መነጽሩ ላይ አደረገና አንድ እጁን ወደ ጠመንጃው ሰደደ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ።

"ካዮቲ ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ ጓንቱን አወለቀ።

"ባትሪው አለቀ" አለ። "ኑ እንግባ፣ እራቱ ይቀዘቅዛል።"

እኔ ወደ በሩ ዞሬያለሁ። ሰርካዲስ ግን ጎንበስ ብላ አየች። ቀስ ብላ ቀና አለችና ቦታውን ለቀቀችልኝ። መነጽሩ በርቷል። በታጨደው በቆሎ መሃል አንድ ጥቁር እንስሳ ሳይቸኩል፣ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው፣ ወደ ሰርካዲስ ቤት እየሄደ ነው። አፉ ውስጥ ሌላ ትኩስ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ክንፉ ይታያል። ጅራቱ ጀርባው ላይ ተጠቅልሏል።

ምን ያህል እንደምትወደው አውቃለሁ። የሰው ዶሮ ሲበላ የተያዘ ውሻ ቢመታ ማን ይፈርዳል? ግን ሰውየው ማምለጫ በር ከፍቶላታል፤ ባትሪው አለቀ ብሏል! ዝም ብለሽ ግቢ፣ እራትሽን ብይ፣ እላታለሁ በሆዴ። ቀሚሷን ጎተትኩ። እጄን መታችው።

"ሚስተር ግሌን" አለች። "ባትሪው አላለቀም። ዶሮህን የሚበላው ውሻዬ ነው። አይቼዋለሁ።"

ግሌን ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ አዞረው።

"አውቃለሁ" አለ። "ይህን መነጽር ከገዛን ሰሞን ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ለምን ዝም አልክ ታዲያ?"

"የማድነው ካዮቲ ነው፣ እመቤቴ። በድሮው መነጽር ቢሆን ተኩሼ ነበር። በዚህኛው ግን ፊቱን አየዋለሁ፤ የማውቀውን ውሻ እንዴት ብዬ ልተኩስ?"

እራቱን አልበላንም። ሰርካዲስ ሜዳውን አቋርጣ ስትሮጥ ተከተልኳት። ማናለብኝ በሯ ላይ ጠበቃትና ዶሮዋን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት፤ ለእሷ ያመጣላት መሆኑ ነው። አልመታችውም፣ አልጮኸችበትም። ሰንሰለት ፈልጋ ከቤቱ ጀርባ ካለው ግንድ ጋር አሰረችው። ገና ሳንገባ ማላዘን ጀመረ።

ኩሽና ተቀመጥን። ማላዘኑ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። እኔ፣ ያን ውሻ የማልወደው ሰው፣ ተነሥቼ በመስኮት አየሁት።

"ይለምደዋል እትዬ" አልኳት።

"አይለምደውም። ግን ምን ላድርግ? ሰው ያከበረኝን እንዴት ልዋሸው? ሲሞን፣ ሌባ መሆኑን ሳውቅም እኮ እወደዋለሁ።" እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ግሌን ነው፤ ባትሪ መብራት ይዟል፣ ካፖርቱ ላይ ላባ ተጣብቋል፣ እጁ ተቧጭሯል። ድፎ ዳቦዋን ረስታው ስለነበር የተረፈውን ይዞ መጥቷል፤ ከዳሩ ተቆርሷል።

"ፍቺው" አለ።

"ማንን?"

"ውሻውን። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ይዤ ጎተራ አስገብቼ ቆልፌባቸዋለሁ። ከእንግዲህ ሲመሽ እኔ እዘጋባቸዋለሁ። እዚያ ማዶ ሆኜ ይህን ለቅሶ እየሰማሁ ዳቦ አልወርድልህ አለኝ።"

እኔ ዝም ልል አልቻልኩም። "ሚስተር ግሌን፣ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ተበዳዮቹ ታስረው ሌባው ሊፈታ?" አልኩት። እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ! ማንም አልሰማኝም። ሰርካዲስ ወጥታ ሰንሰለቱን ልትፈታ ስትታገል እምቢ አላት፤ ግሌን ጎንበስ ብሎ ፈታላት። ማናለብኝ ሦስታችንንም ገፍትሮ ቤት ገባ። ያን ጊዜ ነው ሰርካዲስ ማልቀስ የጀመረችው። የግሌንን የተቧጨረ እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንግሊዝኛው ጠፍቷት፣ በአማርኛ ረጅም ምርቃት መረቀችው።

ግሌን ቆቡን አውልቆ እስክትጨርስ ቆመ። ምን እንዳለችው አልጠየቀኝም።